«ሁለት ዓመት አብሮ የኖረ ግማሹን ይወስዳል» ለሚለው እርማት

«ሁለት ዓመት አብረሽው ከኖርሽ እንደ ሚስት ትቆጠሪያለሽ፤ የቤቱ ግማሽ ያንቺ ነው» ብለው፣ «ሳንጋባ አብሬው ከምኖረው ሰው ቤት ድርሻ አለኝ ወይ?» ላለችው ጠያቂ የመለሱላት ሰው ተሳስተዋል። እሷ የምትኖረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ አብሮ መኖር ሃያ ዓመት ቢዘልቅም ብቻውን ጋብቻ አይሆንም።

ቤቱ በእሱ ስም ብቻ ከተመዘገበ፣ ድርሻ እንዳላት የማስረዳት ሸክም የእሷ ነው። ለቅድሚያ ክፍያው ወይም ለባንክ ዕዳው ገንዘብ ማውጣቷን የሚያሳይ ሰነድ ትልቅ ዋጋ አለው። አስቤዛና መብራት መክፈል፣ ልጅ ማሳደግም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይበቃም (ፍትሐዊ ነው አላልኩም)። የሁለቱም ስም ቢሰፍርበት እንኳ ግማሽ ለግማሽ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት ሰዎች ስም ከተገዛ ቤት 90 በመቶውን ለሴቲቱ ወስኗል፤ ሰውየው ከወጣ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ዕዳውን የከፈለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለት ዓመት የሚለው መስፈርት አውስትራሊያ ውስጥ አለ። እዚያም ቢሆን ጥያቄ ለማቅረብ ያበቃል እንጂ ግማሹን በራሱ አያስገኝም። ጠያቂዋ አሁኑኑ የባንክ ሰነዶቿንና የተጻጻፏቸውን መልእክቶች ትሰብስብ።