ለጋብቻ ግሪን ካርድ ኢንተርቪው፦ ጥያቄ ማጥናት ወይስ ፋይል ማንበብ?

ክርክሩ የተነሳው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቶናው ሲቀዳ ነው። ከተቀመጡት የአንዷ ታናሽ እህት ከባሏ ጋር ለግሪን ካርድ ኢንተርቪው ባልቲሞር ተቀጥራለች፤ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ነው፣ ትዳሩም የእውነት ትዳር ነው። ታዲያ ልጅቷ ምን ትዘጋጅ?

ኡበር የሚነዳው ቀድሞ መለሰ። «ጥያቄውን ማጥናት ነዋ! አልጋው ላይ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ፣ የጥርስ ብሩሹ ቀለም፣ ትናንት ማታ ምን እንደበሉ። ማታ ማታ እየተጠያየቁ መልሳቸውን አንድ ማድረግ ነው።»

እህቷ አልተዋጠላትም። «የምን ማጥናት? አብረው ነው የሚኖሩት። እውነተኛ ባልና ሚስት ሄዶ ያለውን ይናገራል እንጂ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ሌሊቱን ይሸመድዳል?»

ለሰው ፎርም በመሙላትና በማስተርጎም የሚታወቀው ሰውዬ ሁለቱንም ሰምቶ፣ «ለመሆኑ የላከችውን ፎርም ቅጂ ይዛለች?» አለ። እህቷ አላወቀችም። «እንግዲያው የሚጀመረው ከዚያ ነው።»

የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ቀኝ እጅ አስነስቶ ካስማለና መታወቂያ ካየ በኋላ የሚሄደው ወደ ግሪን ካርድ ማመልከቻው ቅጽ፣ ወደ አይ-485 ነው አለ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የኖሩበት አድራሻ፣ የሠሩበት ቦታ፣ መቼና በምን ቪዛ እንደገቡ፣ ከዚህ በፊት አግብተው እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው ይጠይቃል። ቀጥሎ ረጅሙ የ«አዎ» እና «አይደለም» ክፍል ይመጣል፦ ታስረው ያውቃሉ? በውትድርና፣ በፖሊስ ወይም በሚሊሻ አገልግለዋል? የድርጅት አባል ነበሩ? «የኛ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ወጣት ሳለ የፓርቲ አባልነት መታወቂያ የወሰደው ሁሉ ዝርዝሩን በ"አይደለም" ያልፈዋል። ከዚያ በፊት አሳይለም ጠይቆ ከነበረ ግን "አባል ነበርኩ፣ በዚያ ምክንያት ታሰርኩ" ብሎ ጽፏል። ሁለቱም ወረቀት የተቀመጠው በአንድ ኤ-ቁጥር፣ ማለትም በሰውየው የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥር ሥር ነው።»

«ይሄ እሷን አይመለከታትም» አለ ኡበር ነጂው። «በቱሪስት ቪዛ ነው የመጣችው።»

«በቪዛ ፎርሙ ላይ ያገባች ነው ያለችው ወይስ ያላገባች?»

ማንም አልመለሰም። ሰውዬው ቀጠለ። ትዳር ያለው ሰው ይመለሳል ተብሎ ቪዛ ይሰጠዋል በሚል ምክር ያላገቡትን ባል ወይም ሚስት በቪዛ ማመልከቻው ቅጽ በዲኤስ-160 ላይ የሚያስሞሉ አሉ። ዛሬ ኦፊሰሩ «የፍቺ ወረቀትሽ የት አለ?» ይላታል። ባል ካልነበራት ለቆንስላው ውሸት ተናግራለች፤ ያ ደግሞ ግሪን ካርድ ዕድሜ ልክ የሚከለክል ነው። ክልከላው የሚነሳውም አይ-601 የሚባለው የይቅርታ መጠየቂያ ቅጽ ተሞልቶ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል ወይም ወላጅ እጅግ ከባድ ችግር ላይ እንደሚወድቅ ሲረጋገጥና ሲፈቀድ ነው። ባል ከነበራትና በሕግ ካልፈታች ደግሞ አሁን ያለው ጋብቻ ራሱ ዋጋ የለውም፤ ባሏ ያስገባላት ፔቲሽን፣ አይ-130ም፣ አብሮ ይወድቃል።

በዕድሜ የሚበልጧቸው ጋሼ እዚህ ላይ ገቡ። «በቁርባን ወይም በአገር ሽማግሌ የተደረገ፣ ማዘጋጃ ቤት ካልተመዘገበ ሕግ ፊት ትዳር አይባልም። "አላገባሁም" ብትል ምን ነውር አለው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሦስቱንም ይቀበላል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የት እንደተጋባች ማየት ያስፈልጋል። ፍቺ ደግሞ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። በቁርባን አግብታ፣ በሽማግሌ ተለያይታ የመጣች ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ከሌላት ባለትዳር ናት።» ጋሼም «እንዲህ ከሆነስ ሳትሄድ ትጠየቅ» ብለው ተቀበሉ።

ክርክሩ ወደ ማስረጃ ዞረ። እህቷ አራት መቶ ፎቶ መዘጋጀቱን ተናገረች። ሰውዬው ሃያ ይበቃል አለ፦ ከትውውቁ ጀምሮ እስከ ዛሬ የተዘረጉ፣ የሁለቱም ቤተሰብና ጓደኞች ያሉባቸው፣ ጀርባቸው ላይ ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው። ከዚያ ሁሉንም ያስደነገጠውን ጠየቀ፦ «ታክስ እንዴት ነው ያስገቡት?»

«ባሏ ለብቻው፣ ሲንግል ብሎ። ሪፈንዱ እንዳይዘገይ ነው» አለች እህቷ።

ዲሴምበር 31 ላይ ያገባ ሰው ለዚያ ዓመት ሲንግል ብሎ መሙላት አይችልም፤ ወይ አብረው ወይ ባለትዳር ሆነው ለየብቻ ነው። ኦፊሰሩ ለማየት ደግሞ መቆፈር አያስፈልገውም፤ የታክሱ ትራንስክሪፕት ለስፖንሰርነቱ ፎርም ለአይ-864 ሲባል ራሳቸው የሚያቀርቡት ወረቀት ነው። ባልየው ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ «አግብቻለሁ» እያለ በእጁ የያዘው ወረቀት «አላገባሁም» ይላል። መፍትሔው ከቀጠሮው በፊት በታክስ ማስተካከያው ቅጽ በ1040-ኤክስ አስተካክሎ ማስገባትና ቅጂውን ይዞ መሄድ ነው።

«ሊዝስ?» ሲባል፣ ከአንድ አበሻ ቤት ቤዝመንት ተከራይተው በቃል ውል ነው የሚኖሩት። ይህ ብዙ ሰው የሚኖርበት ሁኔታ ስለሆነ የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን በወረቀት መሙላት አለበት። ባለቤቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖሩና ስንት እንደሚከፍሉ ጽፎ ይፈርማል፣ የመታወቂያውን ቅጂ ያያይዛል። የሁለቱ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የባንክ ደብዳቤ አንድ አድራሻ ማሳየት ይገባዋል። ቤት የቀየረ የውጭ ዜጋ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ የቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ደርሶ ይቀራል፣ ያልቀረበ ሰው ማመልከቻ ደግሞ እንደተተወ ተቆጥሮ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ኡበር ነጂው የጋራ አካውንት ዛሬውኑ እንዲከፍቱ መከረ። ቢከፍቱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ለኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ሲቀር የተከፈተና ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት አካውንት የሚያሳየው ጥቂት ነው። የሚፈለገው ደመወዝ ሲገባ፣ ኪራይና መብራት ሲወጣ የሚታይበት የወራት ስቴትመንት ነው። ገንዘቡ በዕቁብ የሚዞር ከሆነም ወርሃዊው ወጪና ዕጣው ሲወጣ የገባው ብር ላይ ምልክት አድርጎ፣ ዕቁብ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል።

«የማስተረጉምላት እኔ ነኝ» አለች እህቷ በመጨረሻ። ይህም አከራከረ። ለትዳሩ የምስክርነት ደብዳቤ የጻፈችው እሷው ናት፤ በጉዳዩ ምስክር የሆነ ሰው ደግሞ ማስተርጎም የለበትም። ዘመድ የሚፈቀደውም በኦፊሰሩ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ፣ መታወቂያ ያለው፣ ገለልተኛ ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል፤ እዚያው ጂ-1256 የሚባለውን የአስተርጓሚ ቅጽ ይፈርማል። የተባለውን ብቻ የሚያስተላልፍ እንጂ «እሷ ለማለት የፈለገችው» እያለ የሚጨምር አይሁን።

እኔ ሰውዬው ትክክል ነው እላለሁ። እህቷ ስለ እውነቱ ያለችው ልክ ነው፤ ሕጉ የሚመዝነውም ሲጋቡ አብሮ ለመኖር አስበው እንደሆነ ነው። ግን ሐቀኛ ሰው ፎርሙን ሌላ ሰው ሞልቶለት ሳያነበው ፈርሞ ይሆናል፤ ኢንተርቪው የሚያበላሹ ብዙ ነገሮች ከዚህ ይመነጫሉ። የኡበር ነጂው ምክር በአንድ ቦታ ይጠቅማል፦ ኦፊሰሩ ከተጠራጠረ ባልና ሚስቱን ለያይቶ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1970ዎቹ በተነሳ ክስ ስም የስቶክስ ኢንተርቪው ይባላል። እዚያ የሚጎዳው ግምት ነው። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ማለት ገምቶ የተለያየ መልስ ከመስጠት እጅግ ይሻላል፤ የተሸመደደና ቃል በቃል የሚገጥም መልስም ጥርጣሬውን ያብሳል። ትራክ የሚነዳ ባል በሳምንት አምስት ሌሊት ከቤት ውጭ ከሆነ «ትናንት አብረን እራት በላን» ማለት የለበትም፤ የሥራውን ፕሮግራም ይናገር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ለንባብ ብቻ እሰጠዋለሁ። አይ-130፣ ከእሱ ጋር የሚገባው የሚስት መረጃ ቅጽ አይ-130ኤ፣ አይ-485 እና አይ-864 በገጽ በገጹ፣ ሁለቱም ተቀምጠው፣ በአማርኛ እየተተረጎመ ይነበብ። አጠገቡ የቪዛው ፎርም፣ የዲቪ ማመልከቻው፣ አሳይለም ከነበረም እሱ ይቀመጥ። ቀኖቹን በተለይ ተመልከቱ፦ ጥር 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ጃንዋሪ 9፣ 1993 ነው፤ ቀኑን ሳይነካ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ጃንዋሪ 1 ብሎ የሚተረጉም አለ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ ሌላ ይላል። ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድና ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም መሆኑን በአጭሩ ለማስረዳት ተዘጋጁ። ስህተት ከተገኘ ኦፊሰሩ ሳይደርስበት «ማስተካከያ አለኝ» ብሎ መጀመር ነው።

ሁለተኛው ሳምንት የወረቀት ነው። በቅጂ የገባው ሁሉ ኦሪጅናሉ ይዘጋጅ፦ የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የሁለቱም የቀድሞ ፍቺ፣ ፓስፖርት። በአማርኛ ያለው ሙሉ ትርጉም ይኑረው፤ ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑንና ቋንቋውን መቻሉን ጽፎ ይፈርማል፣ የኖተሪ ማኅተም ግዴታ አይደለም። የባልየው ገቢ ቀንሶ እንደሆነ ለስፖንሰር የሚጠየቀው የዓመት ገቢ ሰንጠረዥ ይታይ፤ በ2025ቱ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው 26,437 ዶላር ነበር። ካልሞላ ተጨማሪ ስፖንሰር የራሱን አይ-864 ይሙላ። የሕክምናው ቅጽ አይ-693 ከዲሴምበር 2፣ 2024 ወዲህ ከማመልከቻው ጋር ስለሚገባ በዚህ ሰዓት አያስጨንቅም።

በክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ልማድ ይታሰብ። እኛ አየር ወደ ውስጥ ስበን በምናሰማው ድምፅ «አዎ» እንላለን፤ ኦፊሰሩ መልስ መሆኑን ላያውቅ፣ በድምፅ ከተቀዳም ላይሰማ ይችላል። በአፍ «አዎ» ይባል። ባል ለሚስት፣ ሚስትም ለባል አትመልስ።

ተፈቅዶ ካርዱ ሲመጣም ይነበብ። በተፈቀደበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ሲአር6 ይላል፣ የሁለት ዓመት ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት የሁለት ዓመቱን ገደብ የሚያስነሳው ቅጽ፣ አይ-751፣ ይገባል። ከሞላው አይአር6 ይላል፣ የአሥር ዓመት ነው። በዚያ ቀን ሁለት ዓመት ሞልቶት የሁለት ዓመት ካርድ ከመጣ ስህተት ነው፣ ይታረም።

በንባቡ ላይ የድሮ ትዳር፣ የሐሰት የቪዛ መልስ፣ እስር ወይም የአባልነት ጉዳይ የወጣበት ሰው ግን ያለ ኢሚግሬሽን ጠበቃ አይግባ። ከኦገስት 1፣ 2025 ጀምሮ የሚሠራው መመሪያ ፔቲሽኑ ሲወድቅና ሰውየው ሕጋዊ መኖሪያ ከሌለው ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የመጥሪያ ወረቀት እንዲሰጥ መንገድ ይከፍታል። ጠበቃው የቀድሞውን ፋይል ቅጂ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ይጠይቃል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው መግባት ያለበት የቀጠሮው ደብዳቤ ሳይመጣ ነው። ደብዳቤው ቀድሞ ከመጣ ጠበቃው በቂ ምክንያት ጽፎ ቀጠሮው እንዲለወጥ ይጠይቅ። ዝም ብሎ መቅረት አይሞከርም።