ማስተካከያ፦ የዓሣ መድኃኒት የሚሰላው በመኖው ኪሎ አይደለም

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ዓሣ በኩሬ የሚያረቡ ሰዎች የሚቀባበሉት ጽሑፍ ለእርባታ ሳልሞን «በአንድ ኪሎ መኖ 10 ሚሊግራም ፍሎርፌኒኮል» (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው) ይላል። ስህተት ነው። የመድኃኒቱ መግለጫ ለፉሩንኩሎሲስ (ባክቴሪያ ለሚያመጣው የዓሣ በሽታ) የሚያዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ የዓሣ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም፣ ለ10 ቀን ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዓሣው በቀን የክብደቱን 2 በመቶ የሚበላ ከሆነ አንድ ኪሎ መኖ ውስጥ መግባት ያለበት 500 ሚሊግራም ነው፤ በጽሑፉ ከሄዳችሁ የሚደርሰው የሚገባው አንድ ሃምሳኛ ብቻ ነው፣ በሽታው አይድንም፣ ይባስ ብሎ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የታመመ ዓሣ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ስሌቱ አሁን በሚበላው ልክ ይሁን።

ይሄ እንግዲህ የሳልሞን ነው። ለእኛ ቆሮሶ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ እባካችሁ በግምት አትጨምሩ።