«ሲሾም ያልበላ» ስለ ሕዝቡ ጠባይ አይናገርም

ባለፈው ሳምንት ለገሃር አካባቢ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ የከተማ ኃላፊ ስለ ደንብ ተቆጣጣሪዎች የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በየመንገዱ የሚሰጠው ጉቦ ያልቆመው ተቆጣጣሪው ሕግ በማስከበሩ የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ነው አሉ። በዚህም ምክንያት ከሚጽፈው ቅጣት የመቶኛ ድርሻ እንዲታሰብለት የሚፈቅድ የመመሪያ ረቂቅ እየተዘጋጀ መሆኑን ገለጹ። ይህን ያህል ርቆ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ ሲጠየቁም «እኛ እኮ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ብለን የምንተርት ሕዝብ ነን» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድሁ፤ ምክንያቱም ኃላፊው የጠቀሱት ተረት ያቀረቡትን ሐሳብ ከሥሩ የሚያፈርስ ነው።

ተረቱ ከምን ዓይነት አስተዳደር እንደወጣ እናስታውስ። በድሮው ሥርዓት ሹመኛ በየወሩ ከማዕከል የሚቆረጥለት ደመወዝ አልነበረውም። ጉልት ወይም ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ከገባሩ ይሰበስባል፤ ለበላዩ የሚያስገባውን ካስገባ በኋላ በቀረው ራሱ ይኖርበታል፣ ሎሌዎቹንም ያሳድርበታል። የሹመቱ ዕድሜ ደግሞ በሿሚው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ ዘንድሮ የተሾመ ለከርሞ መኖር አለመኖሩን አያውቅም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፦ ከተሰበሰበው የቀረው የሰብሳቢው ነው፤ የመሰብሰቢያው ጊዜ ግን አጭርና የማይታወቅ ነው። በእንዲህ ዓይነት ውል የገባ ሰው ገባሩን ለማበርታት፣ አገሩን ለማልማት ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ለማሰብ ምን ምክንያት ይኖረዋል? ዛሬ ያልወሰደውን ነገ የሚወስደው ተተኪው ነው። ስለዚህ ያልበላ ሹመኛ ሲሻር የሚቆጨው ክፉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም፤ ውሉ ያንን ቁጭት አስቀድሞ ስለጻፈለት ነው። ሕዝቡ ይህን አይቶ በአራት ቃላት አስቀመጠው። ኃላፊው ግን ትዝብቱን እንደ ኑዛዜ ቆጥረው በሕዝቡ ጠባይ ላይ አላከኩት።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ገዢዎች በደመወዝ እንዲተዳደሩ የተደረገው፣ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ የታዘዘው ይህንኑ ክር ለመበጠስ ነበር። በተሰበሰበው ገንዘብና በሰብሳቢው ኪስ መካከል ያለው መንገድ ተቆረጠ። ለውጡ ሙሉ ነበር አልልም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። አሁን በረቂቁ የቀረበልን ያንኑ የተቆረጠ መንገድ እንደገና መጥረግ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ «ማበረታቻ» የሚል ዘመናዊ ስም ተለጥፎበታል።

ማበረታቻ የሚለው ቃል በምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ የራሱ ጥብቅ ትርጉም አለው። ቤንግት ሆልምስትሮም ከኦሊቨር ሃርት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በውል ንድፈ ሐሳብ ላይ ባበረከተው ሥራ ነው። እርሱና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት የሚያስረዳው ለእኛ ጉዳይ ልክ የተሰፋ ይመስላል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ዓይነት ሥራ ሲኖረውና ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ በቀላሉ የሚቆጠር ሲሆን፣ ክፍያውን ከሚቆጠረው ጋር አጥብቆ ማሰር የማይቆጠረውን ሥራ ይገድለዋል። የደንብ ተቆጣጣሪ ሥራ ማስተማር፣ ማስጠንቀቅ፣ ጥፋት ሳይፈጸም ማስቀረት፣ አልሆን ሲል ደግሞ መቅጣት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በደረሰኝ የሚቆጠረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ያልተፈጸመ ጥፋት ደረሰኝ የለውም።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ በአንድ መታጠፊያ ላይ መኪና ማቆም የሚከለክል ምልክት አለ። ቀለሙ ከመልቀቁ የተነሣ የቀረው ዝገት የበላው ክብ ቆርቆሮ ብቻ ሲሆን፣ ግማሹን ደግሞ የዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ከምልክቱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ከሱቅ ጥላ ሥር ይቆማል። መኪናው እስኪቆም፣ ባለቤቱም በሩን ዘግቶ እስኪሄድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ደብተሩን ያወጣል። እኔም አንድ ቀን ተቀጥቻለሁ። «ወንድሜ፣ ሳቆም እያየኸኝ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ የእኔ ሥራ መጻፍ ነው» አለኝ። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ በትሕትና ነው የመለሰልኝ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን የሚለካለት በጻፈው ብዛት ስለሆነ የነገረኝ እውነቱን ነው። ይህ እንግዲህ ድርሻ ሳይታሰብለት ነው። ድርሻ ከታሰበለት በኋላ ያንን ምልክት ቀለም እንዲቀባ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያመለክት ተቆጣጣሪ ከየት ይመጣል?

ረቂቁን የሚደግፉ ሰዎች «የማያጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ደካማው ይህ ነው። የሚያስፈራው ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ሰው ጥፋት ሲገኝ የሚከፈለው መሆኑ ነው። በፍርድ ቤት ዳኛው ተከሳሹን ጥፋተኛ ባለ ቁጥር ገንዘብ ቢያገኝ፣ ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ብለን ዝም እንል ነበር? በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ከተማ የሆነውን የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ገልጾታል። ከተማዋ ቅጣትን እንደ ገቢ ምንጭ በመያዟ የፖሊሱም የፍርድ ቤቱም አሠራር ከሕዝብ ደኅንነት ይልቅ ወደ ገንዘብ አዘንብሎ ተገኘ፤ ሸክሙም በድሆችና በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ወደቀ።

ሌላው ክርክር ድርሻ የሚያገኝ ሰው ጉቦ አይቀበልም የሚል ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ጋሪ ቤከርና ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕግ አስከባሪ በውጤት መክፈልን እንደ አንድ አማራጭ ማንሣታቸውን አልክድም። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ሌላም መንገድ አሳይተዋል፦ ሠራተኛው እንዳያጣው የሚሳሳለት ጥሩ ደመወዝ። የእኛዎቹ ይህኛውን አላነሡትም። ሒሳቡንም አብረን እንሥራው። ቅጣቱ 1,000 ብር፣ የተቆጣጣሪው ድርሻ 200 ብር ነው እንበል። ሾፌሩ 600 ብር በእጁ ቢሰጠው ሾፌሩ 400 ብር ያተርፋል፤ ተቆጣጣሪውም ከድርሻው 400 ብር ይበልጥ ያገኛል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ድርሻው የሠራው ነገር ቢኖር የጉቦውን መነሻ ዋጋ ከፍ ማድረግ ነው፤ ከ200 ብር በታች ማንም አይደራደርም። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፦ «እጽፍብሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ አሁን እውነተኛ ይሆናል፤ ምክንያቱም መጻፉም ገንዘብ ያስገኝለታል።

አንዳንዱ ደግሞ የታክሲውን ምሳሌ ያመጣል። ሜክሲኮ ላይ የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሾፌር «እስከ ስምንት ሰዓት የምሠራው ለባለንብረቱ ገቢና ለነዳጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የልጆቼ ነው» ብሎኛል። ቀሪው የእርሱ ስለሆነ ይተጋል፤ በደመወዝ ከሚያድር የአውቶቡስ ሾፌር በላይ እንደሚፈጥን አምናለሁ። ትርፍ የሚጭነውና መስመር የሚያቆራርጠውም በዚያው ምክንያት ነው። ቢሆንም ተሳፋሪው ካልተመቸው አልሳፈርም ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ተቆጣጣሪን ግን «አልፈልግህም፣ የሚቀጥለው ይምጣ» የሚል ማንም የለም። ቀሪውን ለሠራተኛው መተው የሚያዋጣው ሌላው ወገን እምቢ ማለት ሲችል ነው። የመንግሥትን ሥልጣን ለያዘ ሰው ቀሪውን መተው ጉልት መስጠት ነው።

መድኃኒቱ ለተቆጣጣሪው የሚያኖር ደመወዝ መክፈል፣ ምድቡን ቶሎ ቶሎ መቀያየር፣ የቅጣቱን ገንዘብ ከቀጪው መሥሪያ ቤት በጀት ፈጽሞ ማራቅ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ከቅጣት ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ሰበሰብን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከዓመታዊ ሪፖርቶች የስኬት ገጽ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። የዕቅድ አፈጻጸሙ በየሰፈሩ ስንት ጥፋት እንደቀነሰ ይንገረን። ይህ ከደረሰኝ ቆጠራ ይልቅ አድካሚ ነው፤ ሥራው ግን እርሱ ነው።

ረቂቁ ገና አልጸደቀም። ኃላፊው የድርሻውን አንቀጽ ከውስጡ አውጥተው ቀሪውን ለሕዝብ ውይይት ያቅርቡት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሠራተኛ ቀለምና መጋዝ አስይዘው ወደ ብሔራዊ ትያትር ጀርባ ይላኩልን።