ውሃው የት ይሂድ?

የጅማ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከፍቶኝ ነው የምጽፈው። እዚሁ ተወልጄ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሲቪል ምህንድስና ተምሬ፣ አሁን የሕንጻ መሣሪያ እየሸጥኩ የምኖር ልጃችሁ ነኝ። የምወቅሳችሁን ጥፋት እኔም አጥፍቼዋለሁ። እሱንም አልደብቃችሁም።

ነገሩ የአንድ መምህሬ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ቢጠራም ደስ አይላቸውም። ሃይድሮሊክስ፣ ማለትም የውሃ ፍሰት ትምህርት፣ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ከዓመታት በፊት ከሰሌዳው ፊት ተነሥተው የመንግሥት ኃላፊነት ተሰጣቸው። ያኔ ምን እንዳልን አልረሳሁም። «ተመስገን፣ አሁን ገና የሚያውቅ ሰው መጣልን» አልን። ቤታቸው ድረስ ሄደን እንኳን ደስ ያለዎት አልን። በግ የነዳም ነበር፤ ከነገመዱ መለሱለት።

በሳምንቱ ሰልፉ ተጀመረ። የባለጉዳይ ሰልፍ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። የአማላጅ ሰልፍ ነበር። የአክስት ልጅ፣ የዕድር ዳኛ፣ የድሮ ተማሪ፣ የጎረቤት ሽማግሌ። አንዱ ለካርታ፣ አንዱ ለልጁ ቅጥር፣ አንዱ ለጨረታ። የሁሉም መግቢያ አንድ ነው፦ «እርስዎ እያሉልንማ…»

እኔም ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ የግቢውን አጥር ሲያድስ ወደ ቦዩ አንድ ሜትር ተኩል ገፍቶ ነበር። ይፍረስ ተብሎ ቀይ ቀለም ተቀባበት። «ያንቺ አስተማሪ አይደሉ እንዴ? አንድ ቃል ቢተነፍሱ ያልቃል» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። መምህሬ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ የወንድሜን ማመልከቻ ገልብጠው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሣሉ። ከጂረን ኮረብታ በኩል የሚወርደውን ተዳፋት፣ ቦዩን፣ የወንድሜን አጥር፣ ከታች የአዌቱን ወንዝ።

«እሺ፣ አጥሩ ይቆይ። ውሃው የት ይሂድ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ነው ያፈርኩት።

እናንተም እንድታውቁት ትምህርቱን ላካፍላችሁ። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,500 ሊትር ማለት ነው። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 150,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ሣር ያለበት መሬት ቢሆን አብዛኛውን ይጠጣው ነበር። ቆርቆሮ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ የለበሰ ግቢም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ አንድ ቤት በተሠራ ቁጥር ሥራው የሚበዛው ቦዩ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ቤት በሠራን ቁጥር የምናጠበው ቦዩን ነው።

ሌላም አለ። በቦይ የሚሄድ ውሃ በሰከንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተራመደ የያዘውን አፈር ይጥላል። ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የጫቱ ገረባ የአጥር እንጨት ሥር ሲጠመድ ውሃው ይዘገያል። ሲዘገይ ደለሉ ይቀመጣል። ደለሉ ሲቀመጥ ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። በማግስቱ እኛ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠን «መንግሥት የለም» እንላለን።

ከእኛ ያለፈው ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም። በአዌቱ አድርጎ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ያው ውሃ ከእሱ ወጥቶ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተጉዞ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፤ የእሱ አቅም 420 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሁሉ መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከሰፈራችን ቦይ ጀምረው ነበር ያስተማሩን። የሹመቱ ዜና ሲሰማ የተደሰትኩትም በዚህ ነው። ከቦዩ እስከ ግድቡ አንድ መሥመር አድርጎ የሚያይ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ብዬ።

ታዲያ ምን አደረግናቸው? አጥሬን አላስቀሩልኝም ያለ ሁሉ «ደረቅ ናቸው» አለ። «ሥልጣን አሰከራቸው፣ ሰው ረሱ» ተባለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንድ የማከብራቸው አባት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ልጆች ሻይ እያዞሩ ነበር። እነዚያ ልጆች ሰምተውናል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአዳራሹ ነገር ነው። የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቶ መንገዱ መቼ ያልቃል ተብለው ተጠየቁ። «የአፈር ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ቀን ብቆርጥ እዋሻችኋለሁ» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። የሚያፏጭም ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ የተነሣው ሰው «በሦስት ወር እናስረክባለን» አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሦስት ወሩ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፣ መንገዱ ያው ጭቃ ነው። ያጨበጨብነው እኛ ነን ወገኖቼ። «አላውቅም፣ ልለካና ልንገራችሁ» የሚል ሰው አምጡልን ብለን ስንጮህ ኖረን፣ ሰውየው መጥቶ እንደዚያው ሲለን አፏጨንበት።

ክፍል ውስጥ «አላውቅም» ማለት ነውር አልነበረም። እንዲያውም አንዴ ሰሌዳ ላይ የሠሩትን ስሌት አንድ ተማሪ ስህተት አግኝቶበት፣ አመስግነው አጥፍተው እንደገና ሠሩት። እኛ ይህን ሰው ነው በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ልናደርግ የታገልነው።

ነገሩ የጅማ ብቻ አይደለም፤ አገር የሚያውቀውን ላንሣ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የምህንድስና መምህር ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቀው አርባ ምንጭ ወረዱ፤ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያኔ ራሱ ጀማሪ ነበር። በመሃል ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ሄደው በሳኒቴሽን ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ዲንም ሆነዋል። 13 ዓመት ገደማ በማስተማርና በአስተዳደር ከሠሩ በኋላ ነው በ1994 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የሆኑት። በመስከረም 2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቂያ አቀረቡ።

ዘመናቸው የሚወቀስበት የለም አልልም። ሰው ሞቷል፣ ሰው ታስሯል፣ እናቶች አልቅሰዋል። ያ በቦታው ይጠየቅ። እኔን ያሳዘነኝ ዜናው የተነገረ ቀን የሰማሁት ነው። ቡና እየጠጣሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ሞቱት አላነሣም። ስለ ታሰሩትም አላነሣም። «ልፍስፍስ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ፣ ወንበር ይለቀቃል እንዴ?» አለ። የጠላው ወንበር መልቀቃቸውን ነው! ከሳምንታት በኋላ ወንበሩን የእኛው ዞን፣ የበሻሻ ልጅ ዐቢይ አሕመድ ሲረከብ ግን በደስታ ጨፍረናል። ለቆ የሚነሣ ከሌለ የሚረከብ ከየት ይመጣል?

ወደ መምህሬ ልመለስ። ኃላፊነቱን ጨርሰው ወደ ማስተማሩ ተመለሱ። በራሳቸው ጠይቀው ነው የተመለሱት። እኛ ግን አንድ ቃል ይዘን ጠበቅናቸው፤ «ወረዱ» አልን። ከየት ወደ የት ነው የወረዱት? መቶ ተማሪ ፊት መቆም ከማኅተም በታች የሆነው መቼ ነው? እሳቸው ክፍል ባልነበሩባቸው ዓመታት የተመረቁ ልጆች ሱቄ እየመጡ ስለ ቱቦ ሲጠይቁኝ የጎደለባቸውን አያለሁ። ስንት ስሌት ሳይሰሙ ወጥተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ መምህር በተሾመ ቁጥር እልል ማለታችንንም እጠራጠራለሁ።

ሰላምታችንም ቀንሷል። ትናንት ከባጃጅ ወርደን ጎንበስ እንል የነበርን፣ ዛሬ በእጃችን ብቻ እናልፋቸዋለን። ሚስታቸው ገበያ ላይ «ምን አጥፍተው ነው?» ተብለው ተጠይቀዋል። ይህን የጠየቅሽ እህቴ ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው። አንተም የዕድሩ ዳኛ፣ ልጅህን ስላላስቀጠሩልህ ስማቸውን ያጠፋኸው፣ ሂድ። ሠርግ ስትጠሩ ጥሯቸው። ስብሰባ ላይ ያፏጫችሁም፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «ለካችሁት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀን ብቻ የሚቆርጥላችሁን ሰው አታጨብጭቡለት። ዘመድ ሲሾም ደግሞ ለእንኳን ደስ ያለህ ሂዱ፣ ወረቀት ይዛችሁ ግን አትሂዱ።

ወንድሜ ወር ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። በኋላ ማመልከቻውን ጀርባውን ገልብጬ ሥዕሉን አሳየሁት። ቁጭ ብሎ ብዙ አየው። አጥሩን በራሱ ገንዘብ አፍርሶ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስገባው። ባለፈው ክረምት ውሃው በእኛ በኩል ሲያልፍ ዳር ላይ ቆመን አይተነዋል።

ከእኛ በላይ ያላችሁት አራት ግቢዎች ግን አሁንም ቦዩ ላይ ናችሁ። እናንተን ነው የምለው። ቡና ተጠራርተን የምንጠጣ ሰዎች ነን። ሰኔ ሳይገባ ወንድሜ አካፋና ዲጂኖ ይዞ ይመጣል፣ እኔም እመጣለሁ፤ በሩን ክፈቱልን።