ማስነጠስ ሁሉ ጉንፋን አይደለም!

ኧረ ወገን፣ በዚህ ነገር ተቃጠልኩ! እዚህ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ማዘርዘር ሲጀምር የእኔም ስቃይ ይጀምራል። ዓይኔ ይቀላል፣ ላንቃዬን ይበላኛል፣ ማስነጠሱ አንዴ ከጀመረ አያባራም፣ አፍንጫዬ ውሃ የመሰለ ያወርዳል። ትኩሳት የለኝ፣ ቁርጥማት የለኝ።

ጎረቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ትጨምቅልኛለች፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከልቧ ነው። የሚያበግነኝ ጤና ጣቢያው ነው። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አሞክሳሲሊን ይጻፍልኛል። አንቲባዮቲክ እኮ ለባክቴሪያ ነው፣ አለርጂን ምን ያደርገዋል?

አለርጂ መሆኑን የሚያምኑልኝ ደግሞ ጥፋቱን አደይ አበባ ላይ ይጭናሉ። አደይ ምን አደረገች? የእሷ ብናኝ፣ ማለትም አበባው ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት፣ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ የሚያመላልሱት ንቦች ናቸው። ነፋስ የሚበትነው የሳሩን ነው። ያዘረዘረ ሳር ቁረጡና ጥቁር ጨርቅ ላይ አራግፉት፣ ቢጫ ዱቄት ታያላችሁ። እሱኑ አጭደን ነው በዓል ሲመጣ ቤታችን የምንጎዘጉዘው! ቡና ጠጡ ተብዬ በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ዓይኔን እያሸሁ እወጣለሁ።

ነገሩ አዲስ ቢሆን ባልተንገበገብኩ። ብላክሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ራሱም የዚሁ በሽታ ታማሚ፣ የሳር ብናኝ እንደሚያመጣው በገዛ አካሉ ላይ ሞክሮ በ1873 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ዛሬ በአገሩ አየር የሚስብ መሣሪያ ጣሪያ ላይ ይተከላል፣ የተያዘው ብናኝ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሳር ብናኝ 50 ከደረሰ «ከፍተኛ» ተብሎ ይነገራል፣ ሰዉም መድኃኒቱን ቀድሞ ይወስዳል። እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። አፍንጫ አንዴ ከተቆጣ በትንሹም ይነሳበታል፤ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ብናኙ ቀንሶ እንኳ ሕመሙ የማይለቀው ለዚህ ነው። ቢሆንም ሰው ቀኑን ያውቅበታል! እኛ ጋ ትንበያው ዝናቡንና ሙቀቱን ነግሮን ያበቃል። እኔ ደረቅና ነፋሻ ቀን እንደሚብስብኝ፣ ዝናብ ብናኙን አጥቦ ሲያወርደው እንደሚቀለኝ በገዛ አፍንጫዬ ነው የተማርኩት።

ጎጃም ውስጥ ማይክሮስኮፕም መምህራንም ያሏቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለመስከረምና ለጥቅምት እንኳ ቢቆጥሩልን ምናለበት? እናንተ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ፣ በእናታችሁ፣ አሞክሳሲሊኑን ከመጻፋችሁ በፊት «ዓይንህን ይበላሃል? በየዓመቱ በዚህ ወቅት ይነሳብሃል?» ብላችሁ ጠይቁን።