አንዱ ያወረደው ትል የሁላችንን ፍላሽ ይበላል

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ነው የመጣችው። ፍላሿን ለልጁ ሰጠችው፤ ሰክቶ ከፈተው። የፎልደሮቿ ስሞች ሁሉም አሉ። ግን እያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽዬ ቀስት ተለጥፋበታለች። መጠኑን ስናየው 2 ኪሎ ባይት ነው።

«ሾርትከት ሆኗል እህቴ፤ ቫይረስ ነው። ፎርማት ላድርግልሽ?» አላት።

ልጅቷ መልስ መስጠት አቃታት። ፎርማት ማለት ሁሉንም ማጥፋት ነው፤ የስድስት ወር ሥራዋ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ኮፒ የላትም። «ቆይ ወንድሜ፣ እንዳትነካው» ብዬ ገባሁበት።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፋይሎቹ አልጠፉም። ትሉ፣ ማለትም ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዛመት ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ ደብቋቸው በእነሱ ስም የውሸት ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት) አስቀምጧል። ሰው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሲነካው መጀመሪያ የሚነሳው ትሉ ነው። ከዚያ ሰው እንዳይጠረጥር እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትለታል። የእኔ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራ እንዲህ ያለ ትል እዚያ አይነሳም፤ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀውም ፋይል ይታያል። ፍላሿን ሰካሁት። ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ሁሉም ተወሽቀው አገኘናቸው። ጽሑፏን ብቻ ወስጄ ፒዲኤፍ አደረግሁትና በቴሌግራም ላክንለት። አሳተመች።

ልጁን «ማሽኑ ከየት ያዘው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ባለፈው ከቶረንት (ሰዎች ፋይል እርስ በርስ ከሚጋሩበት መረብ) አንድ ጌም አውርጄ ነበር። ክራኩን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም) ስነካው ምንም አልመጣም፤ ተውኩት» አለኝ። ምንም አልመጣም። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። ምንም ያልመጣ የመሰለው ያኔ ትሉ ገብቶ ሥራ ጀምሯል። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ ጠየቅሁት። «ከ40 አያንስም» አለ።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ቁጥር ነው። በእኛ ከተማ ፋይል ማውረድ የግል ጉዳይ አይደለም። አንዱ ያወርዳል፤ ሌላው በፍላሽ ይወስዳል፤ ሦስተኛው ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል። ቫይረስ የሚባለው ሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ትል ግን አንዴ ከተነሳ ራሱን እያባዛ በራሱ ይጓዛል። መንገዱን የምናዘጋጅለት እኛ ነን፦ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ፊልም የሚጫንበት ሱቅ፣ የቢሮው የጋራ ኮምፒውተር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያወርደው ሰው ጥንቃቄ የራሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ኃላፊነት አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ግኑቴላ የሚባለው የፋይል መጋሪያ መረብ ላይ ማንድራጎር የሚባል ትል ወጣ። ሥራው ቀላል ነበር። አንድ ሰው ምንም ነገር ቢፈልግ ትሉ የያዘው ኮምፒውተር «እኔ ጋ አለ» ብሎ ይመልሳል፤ ሰውየው የጻፈውን ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ የፕሮግራም ምልክት የሆነውን ዶት ኢኤክስኢ ይቀጥልበታል። ዘፈን ብትፈልግ ዘፈን፣ መጽሐፍ ብትፈልግ መጽሐፍ ነኝ ይልሃል። መጠኑ ግን ሁልጊዜ 8 ኪሎ ባይት ገደማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ካዛ በሚባለው መረብ ላይ ቤንጃሚን የሚባለው መጣ። እሱ በታወቁ ፊልሞችና ጌሞች ስም ራሱን እያባዛ ለሌሎች የሚጋራ ፎልደር ውስጥ ይከማች ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም የሚያወጣው ግን የላከው ሰው ነው። ስሙን ሳይሆን ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን ነው ማየት ያለብን። ችግሩ ዊንዶውስ ይህንን ከመጀመሪያው ይደብቀዋል። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል የተጫወተው በዚሁ ነው። በኢሜይል የመጣው የፍቅር ደብዳቤ መጨረሻው የፕሮግራም ምልክት የሆነው ዶት ቪቢኤስ ነበር፤ ሰው ያየው ግን ተራ ጽሑፍ የሚያስመስለውን ዶት ቲኤክስቲ ብቻ ነው። ዛሬም እንዲሁ ነው። ፎልደር ከፍታችሁ «ቪው» የሚለው ውስጥ ግቡና «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ፊልም ነኝ ያለ ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር ወይም ቪቢኤስ ከሆነ አትክፈቱት፤ አጥፉት። መጠኑንም እዩ። የሁለት ሰዓት ፊልም 3 ሜጋ አይሆንም። ተከፍቶ «ለማየት መጀመሪያ ይህን ኮዴክ (ፊልም ለማጫወት የሚረዳ ፕሮግራም) ጫን» የሚላችሁም ከሆነ ተዉት።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የክራክ ነገር ነው። ክራኩ አብሮት ማብራሪያ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል ነው። ሰዉም ያጠፋል! ሌባ «በሩን ክፈትልኝና ዞር በል» ሲል ማን ይከፍትለታል? አንዳንዱ ደግሞ በፓስዎርድ የተቆለፈ ዚፕ ሆኖ ይመጣል። የሚቆለፈው ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ ነው።

ቶረንት የሚጠቀሙ ወዳጆቼ «ቶረንት እኮ ራሱ ቼክ ያደርጋል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቼክ ያደርጋል። ቼክ የሚያደርገው ግን ከብዙ ሰው የተሰበሰበው ቁርጥራጭ መጀመሪያ ከተጫነው ጋር አንድ መሆኑን ነው። መጀመሪያ የተጫነው ትል ከነበረ፣ ሳይጎድል ሳይበላሽ የሚደርሳችሁ ያው ትል ነው። የተጠራጠራችሁትን ፋይል ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፤ በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይፈትሽላችኋል። የግል ሰነድ ግን አታስገቡበት፤ የምታስገቡትን ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ።

አፕዴት ላይም ቸልተኞች ነን። ፓኬጅ ይበላል ብለን እንዘጋዋለን። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ትል በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያውክ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ይህ ትል ማንም ምንም እስኪነካ አይጠብቅም። አንድ ቢሮ ውስጥ በአንዱ ከገባ፣ ያልታደሱትን በኔትወርኩ እየዞረ ይይዛል።

«ታዲያ በምን እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ዓለም አቀፍ ካርድ የለንም፤ ዋጋውም በዶላር ነው። ይህን ብሎ የሚያወርደውን ሰው ሌባ ብዬ አልሳደብም። ግን ለብዙው ሥራ ሰው የሚያወርደው ክራክ ጨርሶ አያስፈልገውም። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ። ለአማርኛ መጻፊያ ኪማን በነፃ አለ፤ ዊንዶውስ 10 ራሱም የአማርኛ ኪቦርድ አለው። አማርኛ ለመጻፍ ብሎ ከማያውቀው ቦታ ክራክ አውርዶ ማሽኑን ያስበላ ሰው ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የደንበኛ ፍላሽ የምትሰኩበት ማሽን ላይ ጌምና ፊልም አታውርዱ። ለብቻው ይሁን። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ተቀበሉና ፍላሹን ተዉት። ፍላሹ ሾርትከት ሆኖ ስታዩትም ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ሰው ሥራውን ለማዳን ዕድል ስጡት።

ከአራት ኪሎው ልጅ ጋር እሁድ ሱቁን ሲዘጋ ማሽኑን ልናጸዳ ተቀጣጥረናል። ዊንዶውሱን ከነአፕዴቱ እንደ አዲስ እንጭናለን። የሰሞኑን ደንበኞቹንም ፍላሻቸውን እንዲያስፈትሹ በቴሌግራም እንደሚነግራቸው ነግሮኛል።