ማስተካከያ፦ 1,500 ቢሊዮን ቶኑ ካርቦን እንጂ ሚቴን አይደለም

በሰሜን ስዊድን ስላለው የስቶርዳለን ረግረግ ባለፈው ስጽፍ ተሳስቻለሁ። «በሰሜኑ ዓለም የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ 1,500 ቢሊዮን ቶን ሚቴን ታፍኗል፤ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣል» ብዬ ነበር። ግምቱ የካርቦን ነው፣ የሚቴን አይደለም። ያረምኩት በባለሙያዎች ተገምግመው ከታተሙ ጥናቶች ነው።

ካርቦኑ ያለው ሳይበሰብስ በቀረ የዕፅዋት ቅሪት ውስጥ ነው። ወደ ጋዝ የሚቀይሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ሥራቸው የሚጧጧፈው አፈሩን ቅዝቃዜ ሲለቀው ነው። ስቶርዳለን ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከፍ ያለው ደረቅ ጉብታ አየር ስለሚያገኝ በብዛት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከስሩ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ጉብታው ይሰምጣል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ኦክስጅን ያልቃል። ያኔ ተራው ሚቴን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ይሆናል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከነሱ አንዱ በረግረጉ ስም ተሰይሟል (ሙሉ ስሙ ምላስ ያስራል)። ደግሞ የተመረተው ሁሉ አየር ላይ አይደርስም። ላይኛው ንብርብር ላይ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል።

ስለዚህ «በአንዴ የሚፈነዳ ቦምብ» ያልኩትንም አንስቻለሁ። ልቀቱ ብዙ ዓመታት የሚወስድ ነው። የትኛው ጋዝ እንደሚያመዝን ደግሞ ቦታው ውሃ በመያዙና ባለመያዙ ይወሰናል። የቀድሞውን ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።